የጠበቀችው «ይበላል»

በሶዶ ከተማ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የዜና አርታዒ ነኝ። ባልደረቦቼ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በቀልድ «የኔታ» ይሉኛል። የቤተ ክህነት ትምህርቴ ከእጄ አልወጣምና ንጉሡ «ሠ» ቦታውን ለቅቆ ካየሁ ሳላርም አላልፍም። «የኔታ፣ ሬዲዮ እኮ ፊደል አይታየውም» ብለው ይስቃሉ።

የዳሞታ ተራራ ራስ ለሦስት ቀናት ከደመና ባልወጣበት ሰሞን፣ በጉኑኖ በኩል ያለው ዘጋቢያችን ጎርፍ ስለ ቈፈረው አንድ ቦረቦር ዜና ላከ። «በቦረቦሩ አፍ ያለው መሬት ይበላል ሲሉ ነዋሪዎች ተናገሩ» ይላል። ቃሉን አጥብቄ አነበብሁት። ጎርፍ የሚበላው መሬት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። ጥራት የጨመርሁለት መስሎኝ «በጎርፍ እየተሸረሸረ ነው» አልሁት። የስድስት ሰዓቱ ዜና እንደዚያው ተነበበ።

ወዲያው ዘጋቢው ደወለ።

«የኔታ፣ አጠበቁብኝ!»

«ምኑን፣ ልጄ?»

«‹ይበላል›ን ነዋ! እኔ አላልቼ ነው የጻፍሁት። መሬቱ አልተበላም፤ ራሱ ነው የሚበላው። ትናንት ላም ከነገመዷ ዋጠ። ሰዎቹ በወላይትኛ የነገሩኝን ነው እንዳለ ያመጣሁት።»

የላከውን ዜና መልሼ አላልቼ አነበብሁት።

«የአክስቴ ቤት አፉ ላይ ነው። ሬዲዮው ካለ እወጣለሁ ብላ ጓዟን ሸክፋ ነበር። አሁን ሰማችና ‹መሸርሸርማ ከአያቶቻችን ጀምሮ ነበረ› ብላ ፈታችው። የእኔን ወሬ አታምንም፤ የእርስዎን ነው የምታምነው።»

በልጅነቴ ዳዊት ስደግም፣ የሚላላውን ሳጠብቅ መምህሬ አርጩሜ ያሳርፉብኝ ነበር። ያን ቀን ግን አርጩሜው በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ሊያርፍ ነበር።

ስቱዲዮ ገብቼ ዘፈኑን አስቆምሁ። «በቦረቦሩ አፍ ያላችሁ፣ መሬቱ ሰው ሊውጥ ይችላልና አሁኑኑ ከቤት ውጡ» የሚለውን በአማርኛም በወላይትኛም አስነበብሁ። ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል እንዳይኖርበት ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ሞክሬዋለሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዘጋቢው ደግሞ ደወለ። አክስቱ ወጥታለች፤ ከጎረቤት ደጃፍ ተቀምጣ ቤቷን ትመለከታለች።

«ቤቱ ግን እንደ ቆመ ነው» አለኝ። «‹የኔታህ ዋሽቷል በለው፤ ሲመሽ ተመልሼ እሳቴን አነዳለሁ› ትላለች።»

ዋሽቼ ብገኝ እንዴት በወደድሁ! በመስኮት ብመለከት ዳሞታ እስከ ግርጌው ተሸፍኗል፤ ዝናቡም ወደ ጉኑኖ እየዞረ ነበር። ወረቀት ስቤ «እስኪነገራችሁ አትመለሱ» የሚል ጨመርሁበትና በየሰዓቱ እንዲነበብ ሰጠሁ። ፊደሉን መለስ ብዬ አላየሁም።