በአሚና ግቢ የሚያልፈው መንገድ

አንድ ጠዋት ነጠላ ጫማዬ ከግራ እግሬ ወልቆ ቀርቶ፣ ሳላውቀው ግቢዬን አቋርጬ ወጣሁ። መሬቱ ላይ ደም አየሁ። የኔ ነበር። አላመመኝም።

የአሶሳው ሐኪም ስኳር እንዳለብኝ ነገረኝ፤ የእግሬ መደንዘዝ ኒውሮፓቲ ይባላል። «ስኳሩ ካልወረደ የሚቀጥለው ቁስል እግርዎን ሊያሳጣዎት ይችላል» አለ። «መድኃኒቱን ይውሰዱ። ቁስሉ ሲድን ደግሞ በሽፍን ጫማ በየቀኑ ይራመዱ።» ፈራሁ። መምህር ነኝ፤ ቆሜ ነው የማስተምረው።

አሶሳ ያለችበት ክልል ያኔ ገና አዲስ የተመሠረተ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ የተዛወርኩትም መምህር ሲፈለግ ነው። እዚያ እያለሁ በእግር መሄድን እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም። ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የጓደኛዬ ደጅ፣ ሁሉም በመንገዴ ላይ ነበር። አሶሳ የተከራየሁት ቤት ግን ከተማው ጫፍ፣ የመኪና መንገድ ዳር ነው። ጥላ የለም። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። እንደ ምንም ብዬ ስወጣም ያየኝ ሾፌር ሁሉ ይቆምና «መምህርት፣ በዚህ ፀሐይ? ግቢ እንጂ!» ይላል። እምቢ ማለት ከብዶኝ እገባለሁ። የደብረ ማርቆስ ዳገት በዓይኔ ላይ ይሄድ ነበር፤ ናፍቆቱ አስለቅሶኛል።

ከቤቴ ጀርባ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስድ የእግር መንገድ ነበር፤ ግን በሰው ግቢ ውስጥ ያልፋል። ባገሬ ሳይጠሩ የሰው ግቢ መርገጥ ነውር ስለሆነ አልሞከርኩትም። ጎረቤቴ አሚና፣ የበርታ ሴት፣ በዚህ ተቀይማኝ ኖሯል። አንድ ቀን የቀርከሃ አጥሯ ጋ ቆማ፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛዋ ጠራችኝ።

«እኛ ምን አጠፋ? ሰው ሁሉ በዚህ ያልፋል። አንተ ብቻ ይዞራል። ወላሂ፣ ነገ በዚህ ና!»

ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሽፍን ጫማዬን አጥልቄ፣ ከአሚና ግቢ ወደሚቀጥለው፣ ከአንዱ ማንጎ ጥላ ወደ ሌላው እያለፍኩ፣ በየደጁ ሰላም እያልኩ፣ የቀረሁ ቀንም በማግስቱ «ታሞ ነበር?» እየተባልኩ ትምህርት ቤት መድረስ ጀመርኩ። ስኳሬ ቀስ በቀስ ወረደ። እግሬ ተረፈ።

ዛሬ ሌላ ከተማ ነው የምኖረው። ደጃፌ አስፋልት ነው፤ እራመዳለሁ፤ ብቀር ግን የት ጠፋሽ የሚለኝ የለም።

ስኳር ያለባችሁ፣ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ እግራችሁን በየቀኑ እዩት። ቤት ስትከራዩም ስለ ውሃና መብራት ብቻ አትጠይቁ፤ በእግር ወጥታችሁ ማን ደጅ እንደምትደርሱ አጣሩ። ሐኪሜን አመሰግናለሁ። አሚናን ግን አመስግኜ አልጨርስም፤ እግሬ ዛሬም መሄድ የሚያምረው እሷ ግቢ ነው።