አሥራ ስምንት ቀን ዋስ ፍለጋ

ባለቤቴ ከአሜሪካ ስልክ ደውሎ ገና "ደህና ነሽ?" ሲለኝ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። እሱ ሲፈራ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። እኔ ስፈራ እጮሃለሁ። የእኔንና የልጃችንን የአሜሪካ ቪዛ ፋይል የሚመረምሩት ሰዎች ጽፈውለት ነበር። ያቀረበው የገቢ ማስረጃ ለራሱና ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል፤ እኛ ግን ከእሱ ጋር ሦስት ነን። ስለዚህ ሌላ ዋስ ያስፈልጋል፤ እዚያው አሜሪካ የሚኖር፣ ደህና ገቢ ያለው፣ ግብር የከፈለበትን ወረቀት አያይዞ ፊርማውን የሚያኖር ሰው። አዲስ አበባ ኤምባሲ የምንቀርብበት ቀጠሮ ደግሞ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

"አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?" አልኩት። ይህን በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ። ሰውየው ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ግን ያን ጊዜ የሚታየኝ ልጄ ብቻ ነበረች። አባቷ ሲሄድ የሁለት ወር ነበረች። የምታውቀው በስልክ ነው፤ ጎረቤት "አባትሽ የት ነው?" ሲላት "ቻርጅ ላይ ነው" ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከዚያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ይህ ቀጠሮ ካመለጠን ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ባለቤቴ ለጓደኞቹ ነግሯል። ግማሾቹ ራሳቸው ዋስ የሚፈልጉ ናቸው፤ ሌሎቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ማንሳት ትተዋል። አንድ የሩቅ ዘመዱ "እኔ አለሁ" ብሎ ቅጹን ፈርሞ ላከ። ሸዋ በር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አሳተምኩት። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ መጣ። ቅጹን ገጽ በገጽ ሳነበው የግብር ወረቀት የለውም። ባለቤቴ የግብር ወረቀቱን ሲጠይቀው ሰውየው ድምፁን አጠፋ። አምስት ቀን በከንቱ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ትዝ ያሉኝ። እትዬ የምላቸው የእናቴን የገበያ ጎረቤት ነው። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ እናቴ በርበሬና ሽሮ፣ እሳቸው ሩዝና ቅመም እየሸጡ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዷ ለጸሎት ስትነሳ መደቧን የምትጠብቀው ሌላዋ ናት፤ አርብ ለእትዬ፣ እሑድ ለእናቴ። የእትዬ ወንድ ልጅ ደግሞ አሜሪካ ከርሟል፣ ዜግነት አግኝቷል፣ የራሱን ከባድ መኪና ይነዳል። ከሱ የተሻለ ዋስ የት ይገኛል?

ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ አልሄድኩም? ምክንያቱም እኛ ቤት የቪዛ ነገር አይወራም። ብዙ ቤት እንደዚህ ነው፤ ሰው ሻንጣውን ሸክፎ ሲወጣ ነው ጎረቤት የሚሰማው። እናቴ ግን ከሁሉ ትብሳለች። ሳይወለድ ስም አይወጣም ትላለች። የሰው ዓይን እንዳያርፍብን ፓስፖርት ላወጣ ስሄድ እንኳ ለገበያው ሰው "ጥርሷን ልትነቀል ሄደች" ብላ ነበር። ለእትዬም ጭምር። እና አሁን ሄጄ "ስንዋሽዎት ነበር፣ እባክዎ ይርዱን" ልል ነው።

ሄድኩ። የእትዬ ቤት የከተማው አሮጌ ግንብ ውስጥ ነው፣ ወደ ኤረር በር ስትወርዱ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዋሽተን እንደነበርም አልደበቅኩም። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም።

"ልጄ፣ እኔኮ እናትሽን ጠይቄያት ነበር" አሉ። "በረመዳን። ልጄ ለልጅሽ ይፈርምላት ወይ ብያት፣ 'እሱ ነገር ቀርቷል፣ ፋይሉም ተዘግቷል' አለችኝ። ወላሂ ለአንቺ ብዬ ነበር ያቆየሁት። ሲቀር ጊዜ ለእህቴ ልጅ ፈረመ።"

እዚያው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ከልቡ አዘነ። ወረቀቱ ሰው ይቆጥራል አለ፤ ራሱ፣ ሚስቱ፣ አራት ልጆቹ፣ አሁን ደግሞ የአክስቱ ልጅ። እኛ ሁለታችን ስንጨመር ገቢው አይደርስም። የአክስቱ ልጅ ወረቀት ገብቷል፤ ወደኋላ የሚመለስ ነገር የለም። እትዬ ስልኩን ዘግተው "አላህ ሌላ በር ይክፈትልሽ" አሉኝ።

ከቤታቸው እስከ ጊደር መጋላ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። እናቴ ለአንዲት ሴት በርበሬ እየሰፈረች ነበር። ሴትዮዋ እስክትሄድ ቆሜ ጠበቅኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናድጄ አልጮህኩም።

"እትዬ ልጃቸው እንዲፈርምልኝ ጠይቀውሽ ነበር?"

እጇ ስፍሩ ላይ ቀረ። "ዓይን ፈርቼ ነው" አለች።

"ዓይን አይደለም የበላኝ። አንቺ ነሽ" አልኳት።

ከልጅ አፍ ለእናት የማይወጣ ቃል ነው። ወጣ። ሁለት ቀን አንድ ቤት እያደርን አልተነጋገርንም። እራት ታቀርባለች፣ በልተን እንነሳለን፤ የምታወራው ልጄ ብቻ ናት። እኔ በየቀኑ ፎቶ ኮፒ ቤት እየሄድኩ ያው አንድ ፋይል አሰናዳለሁ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልደት ካርድ፣ የባለቤቴ የደመወዝ ማስረጃ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። የዋሱ ቦታ። ባዶውን ባየሁ ቁጥር እናቴን ደግሜ እጠላት ነበር። እንዲህ ብሎ መጻፍ ይከብዳል፤ ግን እውነት ነው።

ቀጠሮው አሥር ቀን ሲቀረው እትዬ ቤታችን መጡ። ከእናቴ ጋር ሰላም ተባባሉ፤ ሰላምታው ሠላሳ ዓመት አብሮ የተቀመጠ ሰው ሰላምታ አልነበረም። አልተቀመጡም። በማግስቱ ከሰዓት አፎቻቸው ለአንድ ሠርግ ሊመክር እንደሚሰበሰብ ነገሩን። አፎቻ በእኛ እድር እንደማለት ነው፤ የሐረሪ ሴቶች በሠርግም በለቅሶም የሚረዳዱበት። ውጭ አገር ልጅ የሌላት ሴት እዚያ ጥቂት ናት አሉ። ነገሩ እዚያ ይነገር።

"እኔ መጥቼ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

"አንቺ አይደለሽም" አሉኝ፤ የሚያዩት ግን እናቴን ነበር። "የዘጋችው ትክፈተው።"

ለእናቴ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ለአንድ ሰው ሹክ ማለት የማትደፍረውን ነገር ሃያ ሴት ፊት ቆማ ልታወራ ነው። አትሄድም ብዬ ደምድሜ ነበር። በማግስቱ ግን መደቧን በጊዜ ዘጋች፣ ፊቷን ታጠበች፣ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለበሰችና በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መንገድ ላይ ከኋላዬ ነበር የምትራመደው።

አፎቻው በተሰበሰበበት ቤት ሴቶቹ ከፍ ዝቅ ባለው የመቀመጫ መደብ ላይ በየእድሜያቸው ተቀምጠዋል። እኛ ጫማችንን አውልቀን በሩ አጠገብ ተቀመጥን። የሠርጉ ምክር ሲያልቅ እትዬ ጉሮሯቸውን ጠራርገው እናቴን አመለከቱ። እናቴ ተነሳች። ልጄ ወደ ባሏ የምትሄድበት ቀን ደርሷል፣ የሚፈርምላት ዋስ ግን ጠፍቷል አለች። ድምፅዋ ከበርበሬ ገበያ የማውቀው ድምፅ አልነበረም።

አንዲት ባልቴት ሴት ከላይኛው መደብ ሆነው፣ ለእትዬ እሱ ነገር ቀርቷል ብለሽ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቋት። ያው የተለመደው መልስ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። እናቴም አፏን ከፍታ ነበር፤ ከዚያ ተወችው።

"ዓይን ፈርቼ ነው ስል ነበር" አለች። "ዓይን ፈርቼ አይደለም። ይህች ልጅ የልጅ ልጄን ይዛብኝ እንዳትሄድ ብዬ ነው። ዋስ ካጣች ትቀራለች ብዬ ነው።"

እኔ እግሬን ነበር የማየው። ሁለት ቀን ሙሉ ሳጠራቅመው የነበረው ክፉ ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ የማወጣበት ጉልበት ግን አጣሁ። ከረመዳን ወዲህ አምስት ወር ሙሉ በየማታው አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀት ስደረድር እያየችኝ፣ አለመሙላቱን እየጠበቀች ነበር። ይህን ሳስብ በጣም ከፋኝ። እኛ ከሄድን በኋላ እሷ ብቻዋን ቤታችንን ስትዘጋና ስትከፍት ደግሞ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ፤ እሱም ከፋኝ። የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሴት ቀስ ብለው ተናገሩ። አሜሪካ ሆስፒታል የምትሠራ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ያላገባች፣ የምትሸከመው ቤተሰብ የሌላት። ልትፈርም ትችላለች። ግን የሚፈርሙት ወረቀት ቀልድ አይደለም፣ የተፈረመላት ሴት ብትቸገር ልጃቸው ተጠያቂ እንደምትሆን ተናገሩ። ልክ ነበሩ። በአገራችን ዋስ ማለት ሰው ሲጠፋ ደጁ የሚኬድበት ሰው ነው።

"ልጄ ለማታውቃት ሰው ዋስ ስትሆን፣ ለእኔስ ዋሴ ማነው?" አሉ።

እትዬ ሊመልሱ ሲሉ እናቴ ቀደመቻቸው።

"እኔ ነኝ" አለች። "ልጄ ልጅሽን ብታሳፍራት መደቤ ላይ ነይ። እኔ የትም አልሄድም።"

ሴትዮዋ ትንሽ አይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አላህ መንገዷን ያግራላት፣ በሰላም ከባሏ ያገናኛት አሉ። እናቴ ከእነሱ ጋር እጇን ዘርግታ ነበር። እትዬ ከጎኗ መጥተው ተቀመጡ።

የሴትዮዋ ልጅ በዚያው ሳምንት ሁሉንም አሟልታ ላከች፤ የተፈረመውን ቅጽ፣ የግብር ወረቀቷን፣ የሥራ ማስረጃዋን፣ የፓስፖርቷን ኮፒ። አሳትሜ ወደ ቤት ይዤው ስገባ ወደ አዲስ አበባ ልንሳፈር ሁለት ቀን ቀርቶን ነበር። አልጋው ላይ ዘርግቼ በቅደም ተከተል ሳስቀምጠው እናቴ መጥታ ቆመች። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ አታነበውም።

"የሚወስድሽ የትኛው ነው?" አለችኝ።

የዋሱን ቅጽ ሰጠኋት። ፎቶ ኮፒ ቤት በጥድፊያ ሳወጣው አንዱ ጥግ ታጥፎ ነበር። በመዳፏ ዳበሰችው፣ አልቃናም። ከዚያ ይዛው ሄደችና የታጠፈው እንዲተኛ ብላ ከራሷ ፍራሽ ሥር ከተተችው። ያን ወረቀት ከዓለም ሁሉ እሷ እጅ ላይ ማየት አልፈልግም ነበር። ልቀማት ተነሳሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለት ሌሊት እናቴ ተኛችበት፣ እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በመንገዳችን ቀን ግን ንጋት ላይ ድክም ብሎኝ ኖሮ የስልኬን ደወል አልሰማሁትም። የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት። ልጄን አጥባ አልብሳታለች። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አጠገቤ ቆማ፣ "ተነሺ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ" አለችኝ።