ባሕር ዛፍ የሌለበት ባሕር

ከሰበታ ልወጣ በዋዜማው ማታ ፊቴን ያየ ጎረቤት የለም፤ የተሰናበቱት ጋቢዬን ነው። ባለቤቴ አስካለ ድስት ሙሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ከፊቴ አስቀመጠች፣ ጋቢውን ከላይ ደፋችብኝና "ካላላበህ አትወጣም" አለች። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሳይነሴ ሲነሳ ግን የምታዘዘው እንደ ሕፃን ነው። ሰው ይገባል፣ ጋቢውን ይስማል፣ "ኦቦ ደበላ፣ በሰላም ይግቡ፤ ጅቡቲ ሙቀት ነው አሉ፣ ይጠንቀቁ" ይላል። እኔ ከእንፋሎቱ ውስጥ "አሜን፣ አሜን" እላለሁ። አንዱማ አጠገቤ ያለውን ትራስ ተሰናብቶ እንደሄደ አስካለ እስከ ዛሬ ትምላለች።

ትንሿ ልጄ ጫልቱ ብቻ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ጭንቅላቷን አስገባች። ለጥር ሠርጓ ተቆርጧል።

"አባዬ፣ ለጥር ትመጣለህ አይደል? አንተ ሳትመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም።"

ላብ ይሁን እንባ፣ በዚያ እንፋሎት ውስጥ ማን ይለየዋል። "ሞቼም ቢሆን እመጣለሁ" አልኳት። አፍንጫዬ ዓመት ከዓመት ዝግ ነው፤ አፌ ግን አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም።

በዚህ ዕድሜ ስደት ምን ይሉታል ትሉኝ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት የበየድኩበት ቤት ለመንገድ ተፈለገና ተነሳ፤ እኔም ከነመበየጃዬ ሜዳ ላይ ቀረሁ። ጅቡቲ ጀልባ የሚያስጠግን ሰው በያጅ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ፤ ባቡሩ ደግሞ የሚነሳው ከደጃችን ከፉሪ ነው። ሌላው ስንት በረሃ በእግሩ ያቋርጣል፤ እኔ ተቀምጬ ቆሎ እየቆረጠምኩ ተሰደድኩ። ስደተኛ ነኝ ለማለት እንኳ ያሳፍረኛል።

ባቡሩ ከአዳማ በታች ሲወርድ ጆሮዬ ይደፈን ጀመር። በሱሉልታ አልፎ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ አውቶቡሱ ሙሉ ማስቲካ ያኝካል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጆሮው ጧ ብሎ ይከፈታል። እኔም አኘክሁና ተከፈተልኝ። እንግዲህ ስለ ግፊት የማውቀው ሳይንስ በሙሉ ይህ ነበር፦ መውረድ ያስቸግራል፣ መውጣት ቀላል ነው። የሞኝ ሳይንስ።

ጅቡቲ ስደርስ ሐዋ የምትባል ሴት ዘንድ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ድሬዳዋ ኖራ ስለነበር አማርኛዋ ፈጣን ነው። ገና ከበር "አቦ ግባ!" ስትለኝ፣ ጉድ፣ የባሕር ማዶ ሰው "ኦቦ" ብሎ ያከብራል ብዬ ደስ አለኝ። ለካ "አቦ" ለድመቷም ትላለች። አንቱታ የሚባል ነገር በድሬ አማርኛ ውስጥ የለም፤ ሽበቴን ይዤ በአንድ ቀን "አንተ" ሆንኩ። በመስኮት የሚገባው ንፋስ ደግሞ ንፋስ አይባልም፤ የምድጃ ትንፋሽ ነው። እኛ ሰበታ ጠዋት ጠዋት ጣታችንን በብርድ እንዳናጣ እናሻለን፤ እዚህ ሰው የበር እጀታ እንዳያቃጥለው በነጠላው ይይዛል።

ሥራው መጀመሪያ የብስ ላይ ነበር። ኋላ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበትን የባሕር ወለል ሰንሰለት የሚጠግነው ጠላቂ ጥሎ ሄደ፤ ባለጀልባውም ዞር ብሎ እኔን አየኝ። "ዋና ትችላለህ?" አለኝ። ያ አፌ! "የቡራዩ ልጅ እኮ ነኝ፣ ገፈርሳ ውሃ ዳር ነው ያደግሁት" አልኩት። ገፈርሳ መዋኘት ክልክል እንደሆነና እኔ የተማርኩት ጥበቃው እያባረረኝ የመሸሽ ዋና እንደሆነ አልነገርኩትም።

የጤና ቅጽ ሰጡኝ። የሚያሠለጥነኝ ዓሊ፣ እሱም ድሬ የኖረ፣ ዕድሜው ሃምሳ የሆነ ጠላቂ፣ እያነበበ ይጠይቀኛል።

"የልብ ሕመም?"

"የለም።"

"ሳይነስ?"

ትንሽ አሰብኩ። እውነቱን ንገሩኝ፣ እኛ አገር ሳይነስ በሽታ ነው እንዴ? የሌለበትን ሰው አሳዩኝ! ዓሊን ላለማስቸገር "የለም" አልኩት።

"ታዲያ ለምን በአፍንጫህ ታወራለህ?"

"የኛ ሰፈር አማርኛ እንዲህ ነው።"

ወገኖቼ፣ የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው። ለጥልቀት ሥራ የምትመጡ አላችሁና ስሙኝ፤ ቅጹ ላይ አትዋሹ። ወረቀቱን ታታልሉት ይሆናል፣ ውሃውን ግን አታታልሉትም።

ዓሊ መልካም አስተማሪ ነው፤ ጥፋቱ የተማሪው ነው። "አፍንጫህን በጣትህ ያዝ፣ አፍህን ዝጋ፣ በቀስታ ንፋ፤ ጆሮህ ይከፈታል" አለኝ። "በቀስታ" የምትለውን አልሰማኋትም። አፍንጫ ይዞ መንፋት እኔ የማውቀው መናፈጥን ነው፤ በሙሉ ኃይሌ ተናፈጥኩ። ጆሮዬ ውስጥ ጎማ የፈነዳ መሰለኝ። ዓሊ ጎትቶ አወጣኝና ጮኸብኝ፦ "ኃይል ለብየዳህ አድርገው! እያንዳንዱን ሜትር ሳያምህ በፊት ነፋ እያደረግህ ትወርዳለህ። እምቢ ካለህ ትንሽ ከፍ ትላለህ፣ ደግመህ ትሞክራለህ። አሁንም እምቢ ካለህ ቤትህ ትገባለህ። ባሕሩ ነገም እዚሁ ነው።"

ቀስ በቀስ ለመድኩት። እንዲያውም ወደድኩት። እታች ማንም አያወራም፤ እኔ እንኳ።

ጥር ገባ። ለሠርጉ ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮው ስገባ ባለጀልባው "የመጨረሻውን ሰንሰለት ጨርስና ሂድ" አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ችግሩ ከዚያ ቢሮ ጉንፋን ይዤ መውጣቴ ነው። ውጭው እሳት፣ ውስጡ በኤሲ እንጦጦ! ግንባሬ ከበደ፣ አፍንጫዬ በሁለት በኩል ተከረቸመ። አስካለ የቋጠረችልኝ ቅጠል ካለቀ ቆይቷል። ባሕር ዛፍ ፍለጋ ከተማውን ዞርኩት፣ አንድ ግንድ የለም። እስቲ ይታያችሁ፤ ከባሕር ማዶ መጣ ብለን ባሕር ዛፍ ያልነውን ዛፍ ተራራ ላይ ሞልተን እንኖራለን፤ ባሕሩ ዳር ስመጣ ዛፉ የለም። አታለሉን። ቢቸግረኝ ያገኘሁትን ቅጠል ድስት ውስጥ ከትቼ ራሴን በአንሶላ ሸፈንኩ። ሐዋ በሩን በርግዳ ገባች።

"አቦ! ምን እየሠራህ ነው?"

"እየታጠንኩ ነው፣ ላብ እንዲወጣኝ።"

"ላብ? እዚህ አገር ላብ አጥተህ ነው ቅጠል የምትቀቅለው? ውጭ ውጣና ቁም! አገሩ ራሱ ድስት ነው!"

ተከራክሬ አላሸንፋትም። በነጋታው መድኃኒት ቤት ገብቼ የአፍንጫ ጠብታ ገዛሁ። ሁለት ጠብታ ሳደርግ ያ አርባ ዓመት የተዘጋ አፍንጫ እንደ አዲስ አስፋልት ተከፈተ! ጀልባው ላይ ዓሊ አፈጠጠብኝ።

"ትናንት ተዘግቶ ነበር። መድኃኒት አድርገሃል?"

"ኧረ! የአገሬ ጸሎት ነው" አልኩት።

ወረድኩ። ጆሮዬ እንደ ቅቤ ተከፈተ፣ ግንባሬ ዝም አለ። አሥራ አምስት ሜትር ላይ ተንበርክኬ፣ ስለ ጫልቱ እያሰብኩ፣ ሰንሰለቱን አጥብቄ ጨረስኩ። ዓሊ እንውጣ ብሎ በጣቱ አመለከተኝ። ሁለት ሜትር ያህል ከፍ እንዳልን አንድ ሰው ከቅንድቤ በላይ መሮ አስገብቶ መዶሻ አነሳ። ዝቅ አልኩ፣ ተወኝ። ከፍ አልኩ፣ መታኝ። ዝቅ፣ ተወኝ። የላይኛው ጥርሴ ሁሉ በአንድነት ሊወልቅ የተማከረ መሰለኝ። ለካ የጠብታው ጉልበት እታች እያለሁ አልቆ፣ አፍንጫዬ ተመልሶ ተከርችሟል፤ ግንባሬ ውስጥ የገባው አየር ስወጣ ይሰፋል፣ መውጫ ግን የለውም። በጀርባዬ ያዘልኩት የጋን አየር ደግሞ እያለቀ ነው። ከላይ ብርሃኑ ይታየኛል፤ ቅርብ ነው፤ አልደርስበትም። ዓሊ ክንዴን ይዞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ግማሽ ሜትር አውጥቶ እያስቆመ፣ ግማሽ ሜትር አውጥቶ እያስቆመ መለሰኝ። መጨረሻ ላይ ግንባሬ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጥ አለ። ከውሃው ብቅ ስል ማስኩ ቀይ ወጥ የጨለፉበት ይመስል ነበር፤ ቀኝ ጆሮዬም ጸጥ ብሏል።

ዓሊ ስለ መድኃኒቱ ደግሞ አልጠየቀኝም። ያ ከስድብ ይብሳል።

ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሟ በፈረንሳይኛ ትናገራለች፣ ዓሊ ይተረጉማል።

"ግንባርህ ውስጥ ባዶ ክፍል አለ ትላለች።"

"አስካለም ስትነግረኝ ኖራለች።"

"አትቀልድ። ክፍሉ በደም ተሞልቷል፣ የጆሮህም ታምቡር አብጧል። ሦስት ሳምንት መጥለቅ የለም፣ በአውሮፕላን መሄድም የለም።"

"እኔ በባቡር ነው የምሄደው በላት።"

ሐኪሟ ሰበታ ከባሕር በላይ ምን ያህል እንደሆነች ጠየቀች። "ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነው" አልኩ፣ በኩራት ጭምር። ብዕሯን አስቀመጠች።

"ባቡርህ ቀስ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ነው ትላለች። እዚያች ውሃ ውስጥ ሁለት ሜትር መውጣት እንዴት እንዳደረገህ አስታውስ ትላለች።"

ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ማስቲካ እያኘክሁ እሄዳለሁ አልኩ። ዓሊ ይቺን መተርጎም እምቢ አለ። በጨው ውሃ አፍንጫህን እጠብ፣ የታዘዘልህን ውሰድ፣ ታገስ፤ ይኸው ነው መድኃኒቱ አለች ሐኪሟ። እናም ወንድሞቼ፣ ስደትን ብዙ ሰው ጽፎላችኋል፤ እኔ የምጨምረው ይቺን ብቻ ነው፦ በጠብታ የተከፈተ አፍንጫ ይዛችሁ አትውረዱ። ለመውረዱማ ማንም ይወርዳል።

የሠርጉ ዕለት ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ሐዋ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ጮኸ፤ አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት፣ ድምፅ የለም። ኔትወርኩን ረገምኩት። ለካ በልማድ በቀኙ ነው የያዝኩት። ወደ ግራ ሳዞረው እልልታው ፈሰሰ፤ የሰው ጫጫታ፣ የሳህን ድምፅ፣ የአስካለ "ዝም በሉ! ሊመርቅ ነው!"

ከዚያ ጫልቱ፣ በቅርብ፦ "አባዬ፣ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እኛ ዘንድ ምርቃት ተቀባይ ይፈልጋል፤ ሽማግሌው ሲል ሕዝቡ ካልተቀበለው መሬት ወድቆ ይቀራል ይባላል።

"ሆራ ቡላ፤ ተባዙ፣ ኑሩ" አልኩ።

"አሜን!" አለ ድንኳኑ።

"ጎጇችሁ ይሙቅ፣ ማጀታችሁ አይጉደል።"

"አሜን!"

ሦስተኛዋን ማንም አላስተማረኝም። "የምትወርዱበት ሁሉ መውጫ ይኑረው። እግዜር የሚከፍተውን እንጂ ለሰዓት የሚከፈተውን አይስጣችሁ።"

ጸጥ አለ።

ስልኩን ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ መልሼ ወደ ግራ። ጸጥ። ጆሮዬ ይሁን፣ መስመሩ ይሁን፣ ሰዉ ግራ ገብቶት ይሁን አላውቅም። "አሜን በሉ እንጂ!" ብዬ በጅቡቲ መንገድ ላይ ጮኽኩ። ከኋላዬ፣ ልብስ እያሰጣች የነበረችው ሐዋ፣ እጇን ወደ ላይ አድርጋ፦

"አሚን፣ አቦ። አሚን።"

ማምሻውን አስካለ ደወለች። ጫልቱ በሰላም ሄደች፣ ሁሉ ነገር አማረ፣ ቀርቶብሃል አለችኝ።

"ሦስተኛዋን ሰምታችኋል?"

"ሰምተናል እንጂ። አሜን ብለናል።"

"ምን ነበር ያልኩት?"

"አፍንጫህ እንዴት ሆነ?" አለችኝ።