አዘዞ ሚኒባስ ውስጥ ያሰማሁት ምሬት

አዘዞ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከጎንደር ወደ ሥራ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ለባልደረባዬ ብሶቴን አወራላት ነበር።

«የጤና መድን ከመጣ ወዲህ እኮ አለቅን!» አልኳት፣ ድምፄን እንኳ ሳልቀንስ። «መድኃኒት የለ፣ ሰው አልተጨመረልን። ካርድ ያወጣ ሁሉ ራሱን ነካ ባደረገው ቁጥር ይመጣል፤ የምንሰደበው ግን እኛ ነን።»

አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ድንገት «ወራጅ አለ!» አሉ። በትራቸውን ተደግፈው ሲወርዱ አንድ እግራቸው ክፉኛ አብጦ ጫማ እንዳልገባለት አየሁ። በእጃቸው የመድን ካርድ ይዘዋል።

ደንግጬ ተከትያቸው ወረድኩ።

«አያ፣ ጤና ጣቢያው እኮ ገና ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ። ሦስት ዓመት ከፍዬ ዛሬ ገና መምጣቴ ነበር። ግድ የለም፣ እናንተ ስታርፉ እመጣለሁ።»

እጃቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ አብረን እንሂድ ብዬም ለመንኳቸው።

እሳቸው ግን እጄን ቀስ አድርገው አላቀቁና «ምነው ቆምሽ ልጄ? ሂጂ እንጂ፣ በሽተኛ ይጠብቅሻል» አሉኝ።