በመርየም ካባ ጠርዝ ላይ

በዚያ ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ከሚሴ፣ አባቴ ቤት የደረስኩት ደክሞኝ ነበር። የመንገድ ድካም አይደለም። ዕድሜዬን የሰጠሁት ለድሮ የጣሊያን ሥዕሎች ነው። ሳስተምር፣ ስጽፍ፣ "ለመሆኑ ይሄ ምን ይጠቅማል?" ለሚለኝ ሁሉ ስመልስ ኖሬ፣ መልሱም እኔም አልቀናል።

አባቴ ባቲ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። "እስቲ የደከምሽበትን አሳይኝ" አሉኝ። መጽሐፌን ገልጬ መርየም ልጇን ታቅፋ የተሳለችበትን ገጽ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መጀመሪያ ያዩት ካባዋን ነው።

"ወላሂ ደህና ጨርቅ ነው" አሉ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ያለውን የወርቅ ጽሑፍ አይተው መነጽራቸውን ጠረጉ። "ዐረብኛ ነው እንዴ?"

ዐረብኛ አልነበረም። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ከምሥራቅ በሚመጣ ሐር ላይ ያዩትን የዐረብኛ ፊደል፣ ማንበብ ሳይችሉ፣ መልኩን ብቻ እየቀዱ ለጌጥ ያደርጉት ነበር። ምንም አይልም። በዚሁ ጉዳይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ። ማስረዳቱ ግን ታከተኝ። "እንደዚያ ነገር ነው አባባ" ብያቸው ጋደም ልል ገባሁ።

ስወጣ መጽሐፉን ወደ መስኮቱ አዙረው ጣታቸውን በጠርዙ ላይ ይጎትታሉ። ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ። ምን እንደሚያደርጉ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ እሳቸውና እኩዮቻቸው ቁርኣኑን ይከፋፈሉና፣ ሁሉም ድርሻውን እየቀራ፣ እዚያው እንደተቀመጡ ይጨርሱታል። በዚያ ሐሙስ አባቴ ከቤት አልወጡም። ድርሻቸውን ለጎረቤት ሰጥተውታል።

"ምነው አባባ፣ አመመዎት?"

"ዓይኔ ሄዷል፣ ልጄ። ያንቺን መጽሐፍ ሁለት ቀን ታገልኩት፤ አንድ ፊደል እንኳ አልያዝልኝ አለ። ቁርኣኑንም ለካ በልምድ ነው የምቀራው። ስቼ ብቀራ ወንጀል ነው። አብሽሪ፣ አልሃምዱሊላህ፣ እስካሁንም አቆይቶልኛል።"

እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ፊታቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊደሉ የውሸት እንደሆነ፣ ማንም ሊያነበው እንደማይችል፣ ዓይናቸው ምንም እንዳልሆነ። "ያን ዕለትም አውቅ ነበር። መናገር ሰልችቶኝ ነው" አልኩ።

 ቁርኣናቸውን አውርደው መሐሉን ገለጡና ጥቂት መስመር ቀሩ። መጀመሪያ እየፈሩ፣ ከዚያ ድምፃቸው እየበረታ ሄደ። ኮፍያቸውን አድርገው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት፣ ልጄ፣ ምንም የማይለውን ነው ስታነቢ የኖርሽው?"

በቁጣ አይደለም፤ አዝነውልኝ ነው።