ትርንጎ «በልቻለሁ» ያለችበት ሠርግ

በፈረንጅ አቆጣጠር 1984 ነበር፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ። ከሱዳን አትላንታ ከገባሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። ይኼን የምነግራችሁ ዕድሜዬን ለመቁጠር አይደለም። ባለፈው እሁድ ስማይርና፣ ልጄ ቤት፣ አንድ ፊልም አይቼ ደሜ ስለፈላ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ጠርተውኝ ነበር። በልተን እንዳበቃን ልጄ ቲቪውን ከፈተችና «አባዬ፣ የፈረንሳይ ኮሜዲ ነው፤ በጣም ያስቃል፤ ቁጭ ብለህ እይ» አለችኝ። አየሁ። ሠርግ ነው። ግን የሚያሳየው ሙሽሮቹን አይደለም፤ የሚያበስሉትን፣ የሚያስተናግዱትን፣ ሙዚቀኛውንና ፎቶ አንሺውን ነው። አለቃቸው ላብ በላብ ሆኖ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ይሸፍናል። ፈረንሳይኛውን አልሰማም። ከታች የሚወጣው እንግሊዝኛ ደግሞ አንብቤ ሳልጨርሰው ይጠፋል። ቢሆንም ገብቶኛል። ትሪ የተሸከመ ሰው ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ፈረንሳይኛ አያስፈልግም።

ልጄ፣ ባሏ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔ ካውቹ ላይ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ። ቆይቼ ቆይቼ «ዝጉት!» ብዬ ጮህኩ።

«አባዬ፣ ሪላክስ አድርግ እንጂ። ኮሜዲ እኮ ነው» አለች ልጄ።

አማቼ ጨዋ ነው። ሪሞቱን አንስቶ ዘጋውና «ምን አስቀየምዎት፣ አባባ?» አለኝ።

ያን ቀን አልመለስኩለትም። ስቶን ማውንቴን ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን ሳብሰለስለው ቆየሁና ይኸው ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ያኔ ሥራዬ ሠርግ ቤት ማስተናገድ ነበር። ምግቡን አዘጋጅቶ፣ ድንኳኑንም ሰሃኑንም ይዞ ሀብታሞች ቤት ድረስ የሚሄድ ድርጅት ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ያስገቡኝ ጋሽ መርሻ ናቸው። ጋሽ መርሻ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ያስተናገዱ፣ ሦስት ሰሃን በአንድ ክንድ የሚሸከሙ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ሥር ሁለት አበሾች ነበርን፤ እኔና ትርንጎ።

ትርንጎ የጎንደር ልጅ ናት። ከመጣች አምስት ወሯ፣ ከፀነሰች ስድስት ወሯ። ባሏ ካርቱም ቀርቷል፤ ወረቀቱን ጀምራለታለች። የስደተኝነት ጉዳይዋን የያዘችላት ሴትዮ «ሥራሽን እንዳትለቂ፤ ሥራ ከሌለሽ የባልሽ ነገር እዚያው ይቆማል» ብላታለች። ስለዚህ ሰፊ ሸሚዝ ለብሳ፣ ሽርጧን ከፍ አድርጋ አስራ ሆዷን ትደብቃለች። የምናውቀው እኔና ጋሽ መርሻ ብቻ ነን። አለቃው ካወቀ ያባርራታል ብለን ሦስታችንም አፋችንን ዘግተናል።

አለቃውን በመካከላችን «ፉጨት» እንለው ነበር። ሰው ሲጠራ ያፏጫል። በኛ አገር በፉጨት የሚጠራው ውሻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲያፏጭብኝ ዘወር አላልኩም። ጋሽ መርሻ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«ዙር እንጂ፤ አንተን ነው።»

«እኔ ውሻ አይደለሁም» አልኳቸው።

«አይደለህም። ውሻ ብትሆንማ ትበላ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ደንቡ ሠራተኛ ከእንግዳ ምግብ እንዳይነካ ይላል። የምንበላው የቤቱ ባለቤት በአፉ ከጋበዘን ብቻ ነው፤ እሱም ሠርግ ላይ ማን ያስታውሰናል።

የምነግራችሁ ሠርግ ግንቦት ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ሃምሳው ገና ስላልወጣ ጾም የሚባል ነገር የለም፤ ይኼን የምለው ኋላ «ጾማችሁ ነው እንጂ» እንዳትሉኝ ነው። ጧት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቫን ጭነውን ወደ ሰሜን ወጣን። ያኔ ያ መንገድ ግራና ቀኙ ጥድ ብቻ ነበር፤ ዳገቱ በተቆረጠበት በኩል ቀዩ አፈር እንደ ቁስል ይታያል። ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ነጭ አበባቸው ሰሃን የሚያህል ትልልቅ ዛፎች አሉ። ድንኳን ተክለን፣ ወንበር ደርድረን፣ ብርጭቆ ወልውለን ስናበቃ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆነ። የአትላንታ ሙቀት እንደ እርጥብ ጋቢ ነው፤ ላይህ ላይ ይጣበቃል። ቁርስ የለም፤ ውሃ ብቻ።

ከጓሮ ደግሞ ሥጋው አለ። የበሬ ደረት ነው፤ ከዋዜማው ጀምሮ በትልቅ የብረት ምድጃ፣ በእንጨት ጭስ ቀስ እያለ ሲበስል ያደረ። ሽታውን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ጢሱ ድንኳኑ ድረስ ይገባል። የጠገበ ሰው እንኳ ምራቁን ይውጣል። የትርንጎ ቦታ እዚያው ምድጃው አጠገብ ነበር፤ ሰሃን ታቀብላለች። ባለፍኩ ቁጥር አያታለሁ፤ ፊቷ ከቅድሙ ገርጥቶ አገኘዋለሁ።

በኛ አገር እርጉዝ ሴት ምግብ ሸቷት ሳትቀምስ አትታለፍም። እናቴ አንዳች ነገር የጠበሰች እንደሆነ መጀመሪያ የምትልከው ለእርጉዝ ጎረቤት ነው። ያማራትን ካጣች ልጁ ይወርዳል ይባላል። ልጄ ነርስ ናት፤ ብነግራት «አባዬ፣ ውሸት ነው፣ ሳይንሱ እንደዛ አይልም» ትለኛለች። ይሁን። የተራበች እርጉዝ አፍንጫ ሥር ሥጋ ጠብሶ አለማቅመስ ነውር መሆኑን ለማወቅ ግን ሳይንስ አያሻም።

የሙሽሪት እናት ደግ ሴት ነበረች፤ እሷን አልወቅስም። ሰማያዊ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ሥጋና ዳቦ የሞላ ሰሃን ይዛ ጓሮ ድረስ መጣች። በቀጥታ ትርንጎ ጋ ሄዳ ዘረጋችላት። «በልተሻል ወይ?» አለቻት። እኔ ትሪ ተሸክሜ ሦስት ርምጃ ላይ ቆሜአለሁ። ተመስገን አልኩ በሆዴ።

ትርንጎ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ ባላት እንግሊዝኛ «ታንክ ዩ፣ በልቻለሁ» አለች።

ይኼ በኛ ቋንቋ ምን ማለት ነው? «አንዴ ለምኚኝ» ማለት ነው። አበሻ በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ ሰሃን አይቀበልም። ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፤ እንግዳው «ኧረ በልቻለሁ» ይላል፤ ጋባዡ «አፈር ስሆን!» ይላል፤ በሦስተኛው እጅ ታጥቦ ይቀረባል። ትርንጎም ዐይኗን ሰሃኑ ላይ ተክላ ሁለተኛውን ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ግን «ኦኬ፣ ሃኒ» አለችና ሰሃኑን ይዛ ተመለሰች።

የትርንጎን ፊት ብታዩት! ሰሃኑን ድንኳኑ ውስጥ እስኪገባ በዐይኗ ሸኘችው።

«ምነው ብትቀበያት!» አልኳት በንዴት።

«ደግማ ትለኛለች ብዬ ነዋ።»

«እነዚህ ሰዎች ደግመው አይሉም!»

«ታዲያ በአንድ ቃል ዘልዬ ልብላ? ሆዳም ልባል?»

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሰሃን እንዳቀፈች ሆዷን ጨብጣ ቁጢጥ አለች። ጋሽ መርሻና እኔ ደግፈን ቫኑ ጥላ ሥር ወሰድናት። ግንባሯን ላብ አጥምቆታል። «ቆረጠኝ» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም።

«ሽታው ነው» አሉ ጋሽ መርሻ። «አንድ ጉርሻ፣ አንዲት ጉርሻ ብታገኝ።»

«ታዲያ ያምጡላታ! የኛ አለቃ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ፉጨት ምድጃው ጋ ቆሟል። ደንቡን ታውቃለህ።»

«ደንብ አርግዞ አያውቅም!» ብያቸው ሄድኩ።

ሥጋው ከሚቆረጥበት ጠረጴዛ ሁለት ቁራጭ አንስቼ ሰሃን ላይ ሳደርግ ከኋላዬ ተፏጨ። መጣና ሰሃኑን ያዘ። ሌባ አለኝ፤ ያቺን ቃል አውቃታለሁ። የኔ እንግሊዝኛ ያኔ ከሃያ ቃል አይበልጥም። «ቤቢ» አልኩት ሆዴን እየመታሁ። «ኢት! ቤቢ!» ያረገዝኩት እኔ መስዬው ይሁን እንጃ፣ ሳቀብኝ። ከዚያ ሥጋውን ዐይኔ እያየ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋው።

ደፋው!

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ቀጥ ብዬ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። የሙሽራው አባት ብርጭቆ አንስቶ እየተናገረ ነው፤ እንግዳው ሁሉ ጸጥ ብሏል። በመካከላቸው አልፌ የሙሽሪት እናት ፊት ቆምኩ። «ኖት ትሩ!» አልኳት። «ሺ ሃንግሪ! ቤቢ!» በእጄ ወደ ቫኑ ጠቆምኩ።

ሴትዮዋ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ ወደ ጓሮ አየች፣ ተነሣች። ራሷ ሄዳ ትርንጎን ደግፋ አመጣችና እዚያው እንግዶቹ መካከል፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ሰሃን ቀረበ። ሽርጧ ተፈቷል፤ ሆዷ ወጥቷል፤ ፉጨት ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ያያል። ያ ሁሉ ሰው እያያት ትርንጎ ምን ብትል ጥሩ ነው? እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ታንክ ዩ፣ በልቻለሁ።»

እኔ ያኔ አበድኩ። ሥጋውን ቆረስኩ፣ በዳቦ ጠቀለልኩ፣ «በሞቴ! ትርንጎ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልኩ እየጮህኩ አፏ ላይ ደቀንኩት። እምቢ የማይባል ነገር ነው። አፏን ከፈተች። እንባዋ እየወረደ አኘከች። ሁለተኛውን አጎረስኳት። ሦስተኛውን በራሷ እጅ አነሣች።

እንግዶቹስ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? አጨበጨቡ! የአገራችንን የሠርግ ወግ ልናሳያቸው የወጣን መስሏቸው። ሳቁ። ፎቶ አነሡ። ሙሽራው እኔን አይቶ ለሙሽሪት በእጁ አጎረሳት፤ አሁንም ጭብጨባ። አንዲት ሴት አንዲት ነፍስ ተሸክማ ሕመሟን እየታገለች ነው፤ ለእነሱ ጨዋታ ነው። ልጄ ቤት ያስጮኸኝ ይኼ ነው፤ ሌላ አይደለም።

ቁርጠቱ ተዋት። አሥር ሰዓት ላይ ድንኳኑን ስንነቅል ትርንጎ ቀና ብላ ታጥፍ ነበር። «ደህና ነሽ?» ብላት ፊቷን አዞረች።

«ውሸታም አስባልከኝ። ሆዴን ለሕዝብ አሳየህብኝ። ሥራዬን ሲቀሙኝ ባሌን አንተ ታመጣልኛለህ?»

ጋሽ መርሻን ፉጨት ጠርቷቸው ቆይተው መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

«ነገ እሁድ ሌላ ሠርግ አለ። ጧት ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ይቅርታ ትጠይቀዋለህ። ከጠየቅከው ትርንጎ እስክትወልድ ተቀምጣ ማንኪያ ትወለውላለች፤ የምትባረረው አንተ ብቻ ነህ። ካልጠየቅከው ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

«ጥፋቴ ምንድነው ጋሼ?»

«ጥፋት አለብህ አላልኩህም። ይቅርታ ጠይቅ ነው ያልኩህ።»

ትርንጎ ነሐሴ ላይ ወንድ ወለደች። ባሏም በዓመቱ ገባ። ልጁ ዛሬ ኬኔሶ ቤት ገዝቶ የሚኖር፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰውዬ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝ ጉልበት ይስማል። ስለዚያ ቀን እናቱም እኔም ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ጊዜ ንዴትን ያበርዳል የሚሉ ሰዎች አሉ። የኔን አላበረደውም፤ ያበርደው ዘንድም አልለመንኩም። የገዛ ልጆቼ እዚህ ተወልደው «ትበላላችሁ?» ሲባሉ «የስ» ይላሉ፣ ይበላሉ፣ አለቀ። ስሰማቸው አፍርባቸዋለሁ፤ ደግሞ እቀናባቸዋለሁ። ያፈርኩበትም የቀናሁበትም ልክ ነው ብዬ እከራከራለሁ። እነሱ ግን ፊልሙን ጨርሰው አይተውታል አሉ። ይዩ።

በዚያ ሠርግ ማግስት፣ እሁድ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሸሚዜን ተኩሼ ለብሼ በእግሬ ድርጅቱ ድረስ ሄድኩ። ሠራተኛው ቫኑ ዙሪያ ቆሟል። ትርንጎ ከሁሉ ኋላ አቀርቅራ ነበር። ፉጨት ፊት ቆምኩና ጋሽ መርሻ ያስጠኑኝን «አይ አም ሶሪ» አልኩ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አልሰማሁም አለኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ትርንጎ ቫኑ ውስጥ ገባች።