ፊቴን የደበቅሁበት ዓመት

ልጅ ሳለሁ፣ ልጅነቴም ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ፊቴን ለማንም ማሳየት ያልፈለግሁበት አንድ ዓመት ነበር። ያኔ የምኖረው ሞጣ፣ እቴቴ ዘውዴ ቤት ነው። እቴቴ የአባቴ አክስት ናቸው። አባቴ እኔ ገና እግር ሳልተክል ሞቷል፤ እናቴ ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ልትሄድ ስትነሳ ደግሞ እኔን ቢቸና የሚያስጠጋኝ ዘመድ አልተገኘም። ስለዚህ አንድ ማለዳ አብረን አውቶቡስ ተሳፈርን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ ገባን፣ ለእቴቴ አስረከበችኝና በማግስቱ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ እናቴ ማለት ለእኔ የስልክ ድምፅ ሆነች።

የእቴቴ ባል መሪጌታ ነበሩ አሉ፤ እኔ አልደረስኩባቸውም። እሳቸው ካለፉ ወዲህ እቴቴ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እየሠሩ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሥራው ማታ ማታ ነው። ሰሙን በሸክላ ድስት ፍም ላይ ያቀልጡታል፣ የጥጡን ፈትል ይነክሩታል፣ እኔ ደግሞ ጫፉን ይዤ ሰሙ እስኪደርቅ ወጥሬ እቆማለሁ። ተረቱም የመጣው ከዚሁ ነው። ልጅ ፈትል ይዞ ዝም ብሎ አይቆምም፤ እጁ ይዝላል፣ ያዛጋል፣ ፈትሉ መሬት ይነካና ሰሙ አፈር ይሆናል። እቴቴ ይህን ስለሚያውቁ በተረት ያቆሙኛል። ችግሩ ፈትሉ ሲደርቅ ተረቱም ያልቃል። ጅቡ ገና ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ልጅቷ በሩን ትክፈት አትክፈት ሳይታወቅ፣ «በይ አምጪው» ብለው ጧፉን ከእጄ ይቀበሉኛል። «ከዚያስ እቴቴ?» ስላቸው «ከዚያማ መሸ፤ እነሱም ተኙ» ይሉኛል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ግማሽ ግማሽ የሆኑ ተረቶች በብዛት አውቃለሁ።

መብራት በሚጠፋበት ምሽት ኩራዙ ይለኮሳል፤ የኩራዙ ጭስና የሰሙ ሽታ ተደባልቆ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር። ግን ያን ሰዓት እወደው ነበር። ቀን ላይ ከሰው መሀል ብቻዬን ነኝ፤ ማታ ከአንድ ሰው ጋር ነኝ።

እናቴ ልትሄድ ሰሞን አንድ ነገር አድርጋልኝ ነበር። ለጋ ቅቤ አምጥታ፣ አደስ ጨምራ፣ በትንሽ ጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ታጠቢና ተቀቢ። ፀጉርሽ ደርቆ ካየሁ አልምርሽም» አለችኝ። ቢቸና ሳለን ቅዳሜ ከሰዓት ጉልበቷ ሥር ቁጭ አድርጋ የምትቀባኝ እሷ ነበረች። ሞጣ ስገባ ራሴን በራሴ መቀባት ጀመርኩ። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ማንም በሌለበት፣ ቅቤውን በመዳፌ አሙቄ አናቴ ላይ እጭነዋለሁ፤ ሻሼን አስሬ እተኛለሁ፤ ትራሱ እናቴን እናቴን ይላል። እንዳያልቅብኝ ስለፈራሁ እቴቴ የሚሰጡኝን ቅቤ እየጨመርኩበት አበዛዋለሁ። ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ብጉሩ የጀመረኝ በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ ግንባሬ ላይ፣ ፀጉሬ ሥር፣ እንደ ጤፍ ፍሬ ያህል ጥቃቅን ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ ወደ ቅንድቤ ወረደ። እኔም አላርፍ አልኩ፤ አንዱን ስፈርጠው ሌላው ይመጣል፣ የፈረጠው ይጠቁራል። በልብስ ሳሙና ቆዳዬ እስኪጨማደድ እፈትገው ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ነው የምቀመጠው። ማታም ከፍሙ ፊቴን አዙሬ ፈትል መያዝ ጀመርኩ። እቴቴ እያዩኝ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ትልቁ ጣጣ ግን አርብ ነበር። እናቴ አርብ አርብ ትደውላለች። በአንዲት ከዓረብ አገር በምትመለስ የጎረቤት ልጅ እጅ ስልክ ልካልኝ ስለነበር በቪዲዮ መተያየት እንችል ነበር። እኔ ግን ያንን ፊት ልታየው አልፈለግሁም። ቅቤ ቀብታ፣ ፊቷን በጥጥ ጠርጋ ያስረከበቻት ልጅ ይህን ሆና ብታያት ምን ትላለች? እዚያ ሰው ቤት ሆና ማልቀሷ ታየኝ። ስለዚህ «ኔትወርኩ ቪዲዮ አይችልም እማ» እላታለሁ። እሷም «ይሁን የኔ ልጅ፣ ምን ቸገረኝ፣ ድምፅሽ ይበቃኛል» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ሞክሪው» አላለችኝም። እኔ በመዳኔ ደስ ይለኛል፤ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ይከፋኛል። ሁለቱም እውነት ነበር።

አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጥ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። አሳዝኛት ነው መሰል አንድ ቀን ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ የወንድሟን ጭርት ፌጦ በሎሚ እንዳጠፋው ነገረችኝ። ጭርትን ያጠፋ ፌጦ ብጉርን የማያጠፋበት ምክንያት አልታየኝም። በእኛ አገር ፌጦ የማያድነው ነገር ምን አለ? ለሆድ ፌጦ፣ ለብርድ ፌጦ፣ ለከብቱ ፌጦ። ፌጦውን ወቅጬ፣ ሎሚ ጨምቄበት፣ ግንባሬን በሙሉ ለጠፍኩት። ሲያቃጥለኝ እየሠራ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። ሳጥበው ቆዳዬ አብሮ ሊነሳ ምንም አልቀረው። ግንባሬ ቀይ ሆኖ አብጦ፣ ቦታ ቦታው ላይ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ ብዬ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። እቴቴ መጡ፣ ብርድ ልብሱን ገለጡት፣ አዩኝ።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ግንባርሽን ወጥ አደረግሽው እንዴ?» አሉኝ።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ግን የሚያባብሉ ሰው አይደሉም። ውሃ አፍልተው አቀዘቀዙ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየነከሩ ግንባሬ ላይ አደረጉልኝ። ውሃ የቋጠረውን እንዳልነካው እጄን መታ አደረጉኝ። «ሦስት ቀን አይተነው ካልተሻለሽ ጤና ጣቢያ ነው የምንሄደው። እስከዚያ ፊትሽን ተይው፤ ምን አደረገሽ?» አሉ።

ያን ዕለት ማታ ፈትል እንድይዝ አላዘዙኝም። ራሳቸው አንዱን ጫፍ ከምሰሶው ላይ አስረው እየሠሩ፣ ሳልጠይቃቸው ተረት ጀመሩ።

«አንዲት ጦጣ ነበረች አሉ። እንዳንቺው እልኸኛ። ውሃ ልትጠጣ ወንዝ ወርዳ ጎንበስ ስትል ጉንጯ ላይ ነጥብ አየች። ነጥቡ ምን መሰለሽ? ከውሃው ሥር ያለ ጠጠር ነው። እሷ ምኗን ታውቃለች! ፊቴ ተበላሸ ብላ ውሃውን በእጇ ትፈትገው ጀመር። ስትፈትገው ደፈረሰ። ደግማ ስታይ ነጥቡ ብቻ ሳይሆን ፊቷም የለም። ጉድ ፈላ! ፊቴ ጠፋ ብላ እየጮኸች ዱር ገብታ ተደበቀች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሃ ጠማት። ለመጠጣት መመለስ አይቀርም። ስትመለስ ውሃው ጠርቷል፣ ፊቷም በቦታው አለ።»

«ነጥቡስ?»

«ነጥቡማ ጠጠር ነው፤ የት ይሄዳል?» አሉና ጧፋቸውን አወረዱ። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። ለስንት ጊዜ ሳልስቅ ቆይቼ ነበር መሰል የራሴ ድምፅ እንግዳ ሆነብኝ።

ቃጠሎው ሲሽር እቴቴ ሥርዓት አወጡልኝ። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጄ ብቻ መታጠብ፤ አለመፈተግ፤ አለማፍረጥ፤ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ። አንዳንድ ቀን ከሰሙ ጋር ከሚመጣላቸው ማር በጣት ጫፍ ሰጥተውኝ፣ ትንሽ አቆይቼው በውሃ እታጠበው ነበር። ሰዓዳ በጥፋቷ ተሸማቃ ከግቢያቸው እሬት ቆርጣ አመጣችልኝ። እቴቴ መጀመሪያ ክንዴ ላይ ቀብተው፣ እንደማይቆጣ ካዩ በኋላ ነው ፊቴን ያስነኩኝ። ከፌጦው ወዲህ በሰዓዳ መድኃኒት ላይ ያላቸው እምነት ቀንሷል።

ጉንጬና አገጬ ተሻለ። ግንባሬ ግን እንቢ አለ። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ቅቤዬን ተቀብቼ፣ አሁን ደፍሬ ወደ ፍሙ ዞሬ ፈትል ይዣለሁ። እቴቴ ሰሙን ሲያማስሉ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ኩራዙን አንስተው አስጠጉብኝ። የፍሙ ሙቀት ቅቤዬን አቅልጦት ከፀጉሬ ሥር ወደ ግንባሬ ይወርድ ኖሯል። እቴቴ በጣታቸው የቅቤውን መንገድ ተከተሉት፤ ብጉሩም በዚያው መንገድ ነው የተደረደረው።

«ይኸውልሽ፣ የምታበይው አንቺው ነሽ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ሻሽ ታስሪበታለሽ፣ ትራሱን ትነክሪዋለሽ፣ ፊትሽን ትቀቢዋለሽ። ቅቤውን ተይው።»

«አልተውም!» አልኳቸው። እሳቸውን ስቆጣ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «የእናቴ ነው። ሌላ የእሷ ነገር የለኝም።»

እቴቴ አልተቆጡኝም። ፈትሉን ከእጄ ወሰዱት፣ ሰሙን ከፍሙ አወረዱትና «ጠርሙሱን ጣይው አላልኩሽም፤ አስቀምጪው። ስትፈልጊ አሽትቺው» አሉኝ።

ሲነጋ ፀጉሬን በሙቅ ውሃ አጠብኩ። ትራሴን፣ ሻሼን፣ የአንገት ልብሴን ሁሉ አጠብኩ። ማታ ስተኛ ትራሱ የሳሙና ሽታ ብቻ ነበረው። እናቴ የሄደችው ያን ዕለት ነው የመሰለኝ። የመጡት ቅዳሜዎች ረጃጅም ነበሩ፤ እጄ የሚሠራው ጠፍቶት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ከገበያ የሚመለሰውን ሰው አያለሁ፤ ሁሉም ከየራሱ ሰው ጋር ነው የሚሄደው።

ግንባሬ ግን ቀስ እያለ ጠራ። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲጀመር ጠቋቁሮ የቀረው ብቻ ነበር። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ብርሃን እንዲኖረኝ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ እናቴ ስትደውል «እማ፣ ኔትወርኩ ዛሬ ጥሩ ነው፤ በቪዲዮ እንሁን» አልኳት።

«ድምፅሽ ይበቃኛል እኮ» አለች። እኔ ግን ልታየኝ ቸኩዬ ነበርና የቪዲዮውን ምልክት ነካሁት፤ ጥሪው ቆየ፣ ቆየ፣ በመጨረሻ ተነሳ።

የተቀመጠችበት ክፍል ጨለም ያለ ነው። ፊቷ ከስቷል። ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም፤ «አደግሽ» አለች፣ «ሰው ሆንሽ» አለች። እኔም ሳላስበው ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ብጉሩን፣ ፌጦውን፣ ውሸቴን። ቅቤው ላይ ስደርስ ዓይኔን ከስልኩ አነሳሁ።

«ቅቤውን ተውኩት እማ። ፀጉሬ ደርቋል። እንዳትቀየሚኝ።»

«እንኳን ተውሽው፣ የኔ እናት። ምን ብዬ ነው የምቀየምሽ? እስቲ ግንባርሽን አስጠጊልኝ» አለችና፣ እኔን ለማየት ወደ ስልኩ ጎንበስ ስትል ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

ፀጉሯ አልነበረም። እስከ ወገቧ የሚወርደው፣ ቢቸና ሴቱ ሁሉ የሚቀናበት ፀጉር፣ እንደ ወንድ ልጅ ተከርክሟል፤ ያውም ወጣ ገባ ሆኖ፣ በችኮላ። ቶሎ ብላ ሻሿን መለሰችው።

«የቤቱ ሰዎች ምግብ ውስጥ ይገባል ብለው ነው» አለችኝ። «ደህና ነኝ። ያድጋል።»

ኔትወርክ የለም ባልኳት ቁጥር ለምን እሺ እንዳለችኝ ያኔ ገባኝ። እኔ ከእሷ ስደበቅ እሷም ከእኔ እየተደበቀች ኖራለች።

እቴቴ ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። ማታ እንደ ወትሮው ሰሙ ቀለጠ፣ ፈትሉ ተነከረ፣ ጫፉን ሰጡኝ፣ ያዝኩ። ጠበቅሁ።

«ዛሬ ተረት የለም እቴቴ?»

«ለዛሬ የሚሆን አላውቅም» አሉ። ፈትሉ እጄ ላይ ደረቀ፤ አምጪው አላሉኝም። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ያንን ጧፍ አብረውኝ ያዙ።

እናቴ ከዓመታት በኋላ ተመለሰች። ዛሬ ቢቸና አብረን ነን፤ ፀጉሯ አድጓል፣ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። መቀሱን የያዘው ማን እንደነበረ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። እቴቴ አርፈዋል። ከተረቶቻቸው ብዙዎቹን ለማንም መንገር አልችልም፤ መጨረሻቸውን ስለማላውቅ። ከዚያ ዓመት የቀረኝ ነገር ቢኖር አንድ ልማድ ነው። እናቴ ከጓዳ ሆና «ደህና ነኝ» ካለችኝ፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ እገባና ፊቷን አያለሁ።